ኡሙ አይመን፦ የሌላ ሰው ልጅ እጅ ይዛ ወደ ቤት የመለሰች ሐበሻዊት እናት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ተማሪ የሚለቀቅበትን ሰዓት ያየ ሰው ትርምሱን ያውቀዋል። ባጃጁ በመንገዱ ዳር ተደርድሯል፤ ሒጃብ የለበሰችውም ነጠላ ያጣፋችውም እናት በር በሩን ታያለች፤ ቆሎና ሸንኮራ ሻጮች ይጣራሉ። በሩ ሲከፈት ልጆቹ እንደ ጎርፍ ይወጣሉ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን ግቢው ጭር ይላል። ያኔ ቦርሳውን እንዳዘለ ጥበቃው አጠገብ የቀረ አንድ ልጅ ይታያል። እናቱ ሥራ ላይ ናት፣ ወይም ታማለች፣ ወይም በሕይወት የለችም። አክስቱ ትመጣለች ተብሎ ነበር፤ አልመጣችም።

በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታት ከእንዲህ ዓይነት ልጆች ጋር በር ላይ ብዙ ጊዜ ቆመናል። ከዚያ የተማርነው ነገር ቢኖር፣ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተሰቦች ምን ያህል አንድ እንደሆኑ የሚታወቀው በወላጆች ቀን በሚደረግ ንግግር ሳይሆን በዚያች ሩብ ሰዓት መሆኑን ነው። ልጁን አይታ፣ ሰፈሩን ጠይቃ፣ ከልጇ ጋር አብራ የምትወስደው እናት አለች። አይታው የራሷን ልጅ እጅ ይዛ የምትሄድም አለች። ሁለተኛዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ልጁ የሌላ ሰው ልጅ ስለሆነ ብቻ ነው ያለፈችው።

ከ1,400 ዓመታት በፊት፣ በዐረብ በረሃ መሐል፣ አንዲት ሐበሻዊት ሴት እናቱ በመንገድ ላይ የሞተችበት የስድስት ዓመት ልጅ እጇ ላይ ቀረ። ልጁ አልወለደችውም። ከወገኗም አልነበረም። እሷ ራሷ በዚያ አገር ዘመድ የሌላት ሴት ነበረች። ልጁን ግን ይዛው ወደ ቤቱ ተመለሰች። ያ ልጅ የዓለማት እዝነት የሆኑት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነበሩ። ሴቲቱም በረካ ቢንት ሠዕለባ፣ በቅጽል ስሟ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ናት። ዛሬ የሕይወት ታሪኳን የምናነሳው ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤተሰቦች ከእሷ የተሻለ ምሳሌ ስላጣን ነው።

በውርስ ዝርዝር ውስጥ የነበረች ሴት

የታሪክ ጸሐፍት ኡሙ አይመን ትውልዷ ከሐበሻ መሆኑን ይዘግባሉ። መካ የገባችው በባርነት ሲሆን የነቢዩ አባት የዐብዱላህ ኢብኑ ዐብዱል ሙጦሊብ አገልጋይ ሆነች። ዐብዱላህ አሚና ቢንት ወህብን አግብቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ከንግድ ጉዞ ሲመለስ የስሪብ ላይ ታሞ ሞተ። ትቶት የሄደው ሀብት ጥቂት ነበር። ኢብኑ ሰዕድ በዘገበው ዝርዝር አምስት ግመሎች፣ የተወሰኑ በጎችና አንዲት አገልጋይ ይገኛሉ። አገልጋይቱ በረካ ናት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በዘመኑ ዓይን እሷ ከግመልና ከበግ ጋር የምትቆጠር ንብረት ነበረች። ማንም ከእሷ ደግነትን አልጠበቀም፤ የሚጠበቅባት ሥራ ብቻ ነበር። ለሰው ልጅ ቸር ለመሆን መጀመሪያ ሀብት፣ ሥልጣን ወይም ዘመድ ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ የበረካን ታሪክ ከዚህ ነጥብ ማንበብ ይጀምር። ከእነዚህ አንዱም አልነበራትም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዝሆኑ ዓመት፣ በ570 እ.ኤ.አ. ገደማ ተወለዱ። እንደ መካ ልማድ ሐሊማ አስ-ሰዕዲያ በገጠር አጠባቻቸው፤ ከዚያም ወደ እናታቸው ተመለሱ። በዚያች ትንሽ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ባሏ የሞተባት እናት፣ አባቱን ያላየ ልጅ፣ እና ሐበሻዊቷ በረካ።

የአብዋእ መንገድ

ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው አሚና የልጇን የአባት ወገን ዘመዶች ለማስጎብኘት በረካን አስከትላ ወደ የስሪብ ሄደች። አንድ ወር ያህል እዚያ ቆይተው ወደ መካ ጉዞ ጀመሩ። በመንገድ ላይ፣ አብዋእ በተባለ ስፍራ፣ አሚና ታመመች። እዚያው ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች።

ከአብዋእ እስከ መካ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሐዋሳ ሞጆ ድረስ ካለው መንገድ የሚያንስ አይደለም። ያውም በአስፋልት ሳይሆን በበረሃ፣ በግመል። በረካ ሁለት ግመሎች፣ አዲስ መቃብርና አንድ የሚያለቅስ ልጅ ይዛ ቀረች።

ለእሷ ይህ መንገድ ሌላ ትርጉምም ሊኖረው ይችል ነበር። እመቤቷ ሞታለች፤ ጠባቂ የለባትም። እሷ ግን ልጁን በመጡባቸው ግመሎች ላይ አድርጋ መካ አደረሰችና ለአያቱ ለዐብዱል ሙጦሊብ አስረከበች። ታሪኩ በሲራ መጻሕፍት ውስጥ በጥቂት መስመር ያልፋል። በዚያ ጉዞ ማታ ማታ ልጁን እንዴት እንዳስተኛችው፣ ሲጠይቃት ምን ብላ እንደመለሰችለት አልተጻፈም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን አልረሱትም። ካደጉ በኋላ፣ ካገቡ በኋላ፣ ነቢይ ከሆኑም በኋላ፣ ኡሙ አይመን ከእናታቸው ቀጥላ እናታቸው መሆኗን በሰው ፊት ይናገሩላት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች የመካን ግፍ ሸሽተው ወደ ነጃሺ አገር የተሰደዱት በ615 እ.ኤ.አ. ነው። ስለ ሐበሻ እንግዳ ተቀባይነት ስንናገር ብዙ ጊዜ ከዚያ እንጀምራለን። ነገር ግን ከዚያ 40 ዓመት ገደማ አስቀድሞ የአንዲት ሐበሻዊት እጅ ነቢዩን ራሳቸውን ከበረሃ ተቀብሎ ወደ ቤት አድርሷል።

ራበኝ የማይል ልጅ

ዐብዱል ሙጦሊብ የልጅ ልጁን እጅግ ይወድ ነበር። ቢሆንም በየዕለቱ የሚጠብቀው፣ የሚያበላውና የሚፈልገው በረካ ነበረች። አንድ ቀን አያትየው ልጁን ከሌሎች ልጆች ጋር ከቤት ራቅ ብሎ አገኘውና በረካን ጠርቶ ከዓይንሽ አታርቂው ሲል አደራ እንዳላት ተዘግቧል። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ልጁ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው፣ ዐብዱል ሙጦሊብም ሞተ። ልጁ ከአያታቸው አልጋ ኋላ ሆነው ሲያለቅሱ ያየችውና ያወራችው እሷው ናት። ከዚያ ወደ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ቤት ሲዛወሩም አብራ ነበረች።

ከእሷ ከተላለፉ ወሬዎች ሁሉ እንደ መምህር ልባችንን የሚነካው አንድ ነው። ልጁ ሲያድጉ ረሃብም ሆነ ጥማት ሲያማርሩ አይታ እንደማታውቅ ተናግራለች። ጠዋት ከዘምዘም ይጠጣሉ፤ ምሳ ስታቀርብላቸው ጠግቤያለሁ የሚሉበት ጊዜም ነበር።

ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው ይህንን ልጅ ያውቀዋል። በዕረፍት ሰዓት ሌሎቹ ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። ና ብላ ሲሉት በልቻለሁ ይላል። ዓይኑ ግን ወደ እንጀራው አይሄድም፤ ወደ መሬት ነው የሚያየው። የቲም ወይም ድሃ ልጅ ሁልጊዜ በማልቀስ አይታወቅም፤ አንዳንዱ ምንም ባለመጠየቅ ነው የሚታወቀው። ኡሙ አይመን ያንን ያየችው ቅርብ ስለነበረች ነው። ልጁ ራበኝ እስኪል ሳትጠብቅ ምግብ ታቀርብ ነበር።

ነፃነት፣ ትዳርና ልጆች

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ25 ዓመታቸው ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ በረካን ነፃ አወጧት። ከየስሪብ ሰዎች ዑበይድ ኢብኑ ዘይድ የተባለውን አግብታ አይመንን ወለደች፤ ኡሙ አይመን የተባለችውም በዚህ ልጇ ነው። ባሏ ሲሞት እንደገና ወደ ነቢዩ ቤት ቀረበች።

ኢስላም ሲመጣ ከቀደሙት አማኞች አንዷ ሆነች። ዕድሜዋ ገፍቶ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጀነት ሰዎች የሆነችን ሴት ማግባት የሚወድ ኡሙ አይመንን ያግባ በማለት ሶሓቦቻቸውን አነሳሱ። ያገባት ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ (ረ.ዐ) ነው። ዘይድ በልጅነቱ ተማርኮ በገበያ የተሸጠ፣ በኋላም አባቱ ሊወስደው ሲመጣ ከነቢዩ ጋር መቅረትን የመረጠ ሰው ነው። ሁለቱም ከወላጅ ተለይተው በሰው ቤት ያደጉና የኖሩ ነበሩ። ከእነሱ ኡሳማ ተወለደ።

ነቢዩ ኡሳማን እንደ ልጅ ልጃቸው አሳደጉት። በአንድ ጭናቸው ላይ ሐሰንን፣ በሌላኛው ላይ ኡሳማን አስቀምጠው ሁለቱን አንድ ላይ ለአላህ ምሕረት ያቀርቡ ነበር። አንዱ የፋጢማ ልጅ፣ ሌላው የቀድሞ ባሮች ልጅ ነው። ኡሳማ ደፍ ላይ ተደናቅፎ ፊቱ በቆሰለ ጊዜም ደሙን በራሳቸው አጠቡለት። አብዋእ ላይ የተዘራው ደግነት እዚህ ፍሬ ሲያፈራ እናያለን፤ እሷ የሰው ልጅ አሳደገች፣ ያ ልጅ ደግሞ የእሷን ልጅ አቀፈ።

ሲወላገድ ያልተሳቀበት ምላስ

ኡሙ አይመን ዐረብኛ ስትናገር አንዳንድ ቃል ይወላገድባት ነበር። ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገበው ሰዎች ዘንድ ገብታ ሰላምታ ስትሰጥ ቃሉ ይዞርባትና ትርጉሙ ሰላም በእናንተ ላይ አይሁን የሚል ይሆን ነበር። በዚያ ቋንቋው ክብሩ በሆነ ሕዝብ መሐል ይህ መሳለቂያ ለመሆን የሚበቃ ስህተት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን አላሳቁባትም፤ ደጋግማ እንድትለማመድም አላስገደዷትም። ሰላም የሚለውን ቃል ብቻ እንድትል ፈቀዱላትና ችግሩ አለቀ።

በሐዋሳ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ከተማችን ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ አማራው፣ ኦሮሞውና ሌላውም አብሮ የሚኖርባት ናት። በአንድ ክፍል ውስጥ በቤቱ አምስት ዓይነት ቋንቋ የሚናገር ልጅ ይቀመጣል። አንድ ልጅ ቃል ሲሳሳት ክፍሉ በሳቅ ሲፈነዳ፣ ያ ልጅ ለሳምንታት እጁን እንደማያወጣ አይተናል። ሳቁ ግን ክፍል ውስጥ አይጀምርም። ቤት ውስጥ የጎረቤትን አነጋገር እያስመሰለ የሚያስቅ አባት ካለ፣ ልጁ ትምህርት ቤት የሚያደርገው የተማረውን ነው። ወላጅ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሐሳቡን ያልተናገረውም ብዙ ጊዜ ሐሳብ አጥቶ አይደለም፤ እንዳይሳቅበት ፈርቶ ነው።

የልጇ የኡሳማ ቆዳ ቀለምም የወሬ ርዕስ ሆኖ ነበር። ዘይድ ቀላ ያለ ነው፤ ኡሳማ ግን እንደ እናቱ ጥቁር ስለነበር አንዳንዶች ስለ ልጁ ሐሜት ያናፍሱ ነበር። አንድ ቀን አባትና ልጅ ጨርቅ ተከናንበው እግራቸው ብቻ እየታየ ተኝተው ሳለ፣ የሰውን ዝርያ ከአካል ምልክት በመለየት የታወቀ የበኒ ሙድሊጅ ሰው አለፈና እነዚህ እግሮች አንዱ ከሌላው የተገኙ ናቸው ሲል መሰከረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ፊታቸው በደስታ እያበራ ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ገብተው ነገሯት። የመንግሥትና የዳዕዋ ሥራ በተደራረበባቸው ጊዜ የአንድ ልጅና የእናቱ ስም ከሐሜት መዳን ይህን ያህል አስደሰታቸው። የክፍል ወላጆች በቴሌግራም ግሩፕ ስለ አንድ ልጅ አባት ወይም እናት ከመጻፋቸው በፊት ይህን ደስታ ቢያስታውሱ መልካም ነው።

በሞቴ የምትል እናት

ኡሙ አይመን ወደ መዲና ስትሰደድ ከሒጅራው መንገድ ችግር የበኩሏን ቀምሳለች። መዲና ከገባችም በኋላ ነቢዩ ቤቷ እየሄዱ ይጠይቋት ነበር። በአንድ ጉብኝት አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) አብሯቸው ነበር። የሚጠጣ ነገር አቀረበችላቸው፤ አልወሰዱም። ጾመኛ ሆነው ይሁን ሳያሰኛቸው ቀርቶ አነስ አላወቀም። እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትቆጣቸው ጀመር። እንደኛዎቹ እናቶች በሞቴ ማለቷ ነበር። የአላህ መልእክተኛን እንዲህ መቆጣት የሚችል ማን ነው? እናት ብቻ ናት። እሳቸውም እንደ ልጅ ቻሏት።

ይቀልዱላትም ነበር። የምጫነው ግመል ስጡኝ ብላ ስትጠይቃቸው በግመል ልጅ ላይ እንጭንሻለን አሏት። ግልገሉ አይችለኝም፣ አልፈልገውምም ስትል ግመል ሁሉ የግመል ልጅ መሆኑን እያሰቡ ይህንኑ ደገሙላት። ቀልዳቸው ውሸት የለበትም፤ ማንንም አያሳፍርም።

የተምር ዛፎቹ ነገር

ከሕይወቷ ታሪኮች ሁሉ ለወላጆች ኅብረት በጣም የሚጠቅመው የሚከተለው ነው። ሙሃጂሮች ባዶ እጃቸውን መዲና ሲገቡ አንሷሮች ሀብታቸውን አካፈሏቸው። የአነስ እናት ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ለነቢዩ የተምር ዛፎች ሰጥታ ነበር፤ እሳቸውም ፍሬያቸውን እንድትጠቀምበት ለኡሙ አይመን ሰጧት። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ (628 እ.ኤ.አ.) ከኸይበር በኋላ ሙሃጂሮች ራሳቸውን ሲችሉ በውሰት የያዙትን ለአንሷሮች መመለስ ጀመሩ። አነስም ቤተሰቦቹ ልከውት የእናቱን ዛፎች ለማስመለስ መጣ።

ኡሙ አይመን ይህን ስትሰማ መጥታ ልብሷን በአነስ አንገት ላይ ጠምጥማ ዛፎቹን በፍጹም አትወስዳቸውም፣ ለእኔ ተሰጥተዋል ስትል ማለች። በሕግ ዓይን ትክክል አልነበረችም፤ የተሰጣት መጠቀሚያ እንጂ ባለቤትነት አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በሰው ፊት ተሳስተሻል አላሏትም፤ አነስንም ለአሮጊት ይቅርብህ አላሉትም። በዛፎቹ ፋንታ ይህን ያህል ልስጥሽ አሏት፤ እምቢ አለች። ጨመሩላት፤ እምቢ አለች። የዛፎቹን አሥር እጥፍ ያህል እስኪያደርሱላት ድረስ እየጨመሩ ሄዱ፤ በመጨረሻ ለቀቀች። አነስ የቤተሰቡን መብት አገኘ። እሷም ክብሯ ሳይነካ ቀረ። ልዩነቱን የከፈሉት እሳቸው ናቸው።

የትምህርት ቤት ቤተሰቦችን የሚያጋጨው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከተምር ዛፍ ያነሰ ነው። የጠፋ እርሳስ፣ የተቀደደ ሹራብ፣ ልጄን የመታው ልጅ፣ ያልተከፈለ መዋጮ ነው። እንደ ወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት (ወተመህ) ባለ ስብሰባ ላይ የምንፈልገው ብዙ ጊዜ ማን ትክክል እንደሆነ ማስመስከርን ነው። ነቢዩ ግን ፍትሑንም አልተዉም፤ ሴቲቱንም አልጣሉም። ከኪስ ትንሽ ማውጣት ወይም ትንሽ መታገሥ ክርክሩን የሚዘጋው ከሆነ፣ አንዱ ወላጅ ያንን ልዩነት ቢሸፍን ሁለት ቤተሰብ ያተርፋል።

ውሃ የያዘች እጅ

ኡሙ አይመን ለራሷ ብቻ የተደረገላትን እየተቀበለች የተቀመጠች ሴት አልነበረችም። በኡሁድ ጦርነት (3ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ 625 እ.ኤ.አ.) ዕድሜዋ ገፍቶ ሳለ ለተዋጊዎች ውሃ ታቀርብ፣ ቁስለኞችን ታክም ነበር። የሸሹ ወንዶችን ስታይ አፈር በፊታቸው እየበተነች እንዝርት ያዙና ሰይፋችሁን ስጡን እስከማለት ደርሳለች። ኸይበር ላይም ተገኝታለች።

ከዚያ በኋላ ሐዘን ተደራረበባት። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ (629 እ.ኤ.አ.) ባሏ ዘይድ በሙእታ ጦርነት መሪ ሆኖ ሸሂድ ሆነ። በዚያው ዓመት፣ ወራት ቆይቶ፣ የበኩር ልጇ አይመን ሑነይን ላይ ሸሂድ ሆነ። የቀራት ኡሳማ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሕይወታቸው መጨረሻ ይህን ሃያ ዓመት ያልዘለለ ወጣት ታላላቅ ሶሓቦች ላሉበት ጦር አዛዥ አድርገው ሾሙት። ያጉረመረሙ ነበሩ፤ እሳቸው ግን እንደ አባቱ ሁሉ እሱም ለሹመቱ የተገባ መሆኑን ተናገሩ። በውርስ ዝርዝር ከበግ ጋር የተቆጠረችው ሴት ልጅ የኢስላም ጦር አዛዥ ሆነ።

ሁለቱ ሰዎች በሯን ሲያንኳኩ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ11ኛው ዓመተ ሒጅራ (632 እ.ኤ.አ.) ወደ አላህ ሄዱ። ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ) አንድ ቀን ዑመርን (ረ.ዐ) ነቢዩ ይጎበኟት እንደነበረው ኡሙ አይመንን ሄደን እንጎብኛት አሏቸው። ሁለቱ ሄዱ። ስታያቸው አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው የተሻለ መሆኑን አስታውሰው ሊያጽናኗት ሞከሩ። ያለቀሰችው ይህን ስላላወቀች እንዳልሆነ፣ ይልቅስ ወሕይ ከሰማይ መምጣቱ ስለተቋረጠ መሆኑን ነገረቻቸው። ያን ጊዜ እነሱም አብረዋት አለቀሱ። ዘገባው በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል።

አገሩ በአመፅ እየታመሰ ሳለ የአዲሱ መንግሥት መሪ ጊዜ አውጥቶ የአንዲትን አሮጊት ቤት ጎበኘ። ጉብኝቱ የወዳጅን ልማድ ማስቀጠል ነበር። ሟቹ የጀመረው ደግነት ከሟቹ ጋር እንዳይቀበር አደረጉ።

ስለ ሞቷ ጊዜ የታሪክ ጸሐፍት ይለያያሉ፤ ከነቢዩ ጥቂት ወራት በኋላ ነው የሚሉ አሉ፣ እስከ ዑስማን (ረ.ዐ) ኸሊፋነት መጀመሪያ ኖራለች የሚሉም አሉ። ስሟ ግን በልጅ ልጆቿ ላይ ጥላ ሆኖ ቆየ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ወጣት መስጂድ ውስጥ ሩኩዑንና ሱጁዱን ሳያሟላ ሲሰግድ አይቶ እንዲደግመው ነገረው። ወጣቱ ማን እንደሆነ ሲጠይቅ የአይመን ልጅ፣ የኡሙ አይመን የልጅ ልጅ መሆኑ ተነገረው። ኢብኑ ዑመርም የአላህ መልእክተኛ ቢያዩት ይወዱት እንደነበር ተናገረ፤ ለእሷና ለልጆቿ የነበራቸውን ፍቅርም አነሳ።

ወደ ፒያሳው በር እንመለስ

ውድ ወላጆች፣ የኡሙ አይመን ታሪክ ትልቅ ገንዘብ ወይም ትልቅ ድርጅት አይጠይቀንም። አሁን ከፊታችን ያለው የትምህርት ቤቱ በር ይበቃል።

አንደኛ፣ በልጃችሁ ክፍል ያለ፣ በሰፈራችሁ የሚኖር፣ ወላጁ ዘግይቶ የሚመጣ ልጅ እንዳለ ዛሬ ጠይቁ። ከወላጁና ከመምህሩ ጋር ተነጋግራችሁ፣ በተራ አብራችሁ አድርሱት። ሦስት ቤተሰብ ቢስማማ ማንም ልጅ ብቻውን አስፋልት አይሻገርም።

ሁለተኛ፣ ምሳ ስትቋጥሩ አንድ ጉርሻ ጨምሩ። ልጃችሁንም ስጠው ብላችሁ ሳይሆን አብራችሁ ብሉ ብላችሁ ላኩት። ስጠው ሲባል ያኛው ልጅ ለማኝ ይሆናል፤ አብራችሁ ብሉ ሲባል ጓደኛ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በሰው አነጋገር፣ በሰው መልክ፣ በሰው እምነት በቤታችሁ አይሳቅ። ፒያሳ ላይ ከመስጂድ የሚወጣውና ከቤተክርስቲያን የሚወጣው ሕፃን አንድ አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጠው። የጎረቤት ሐቅ በሃይማኖት አይወሰንም።

አራተኛ፣ ሐዘን የደረሰበትን የተማሪ ቤተሰብ ለቀብር ሄዳችሁ ብቻ አትተዉት። አቡበክርና ዑመር የሄዱት ሌላው ሰው ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ነው። ልጁ ከሐዘን ተመልሶ ክፍል የሚገባበትን ጠዋት አስታውሱ፤ ያን ቀን የሚጠብቀው ጓደኛ ያስፈልገዋል። ደብተሩን አስቀድታችሁ አቆዩለት።

አምስተኛ፣ ግቢውን የምትጠርገውን፣ በሩን የሚጠብቀውን ሰው ስም ልጆቻችሁ ይወቁ፤ እትዬ፣ ጋሼ ብለው ሰላም ይበሉ። በረካም በሰው ቤት የምታገለግል ሴት ነበረች። ዛሬ ልጃችን ሰላም ሳይላት የሚያልፋት ሴት አላህ ዘንድ ምን ዓይነት ቦታ እንዳላት አናውቅም።

በዚያች ሩብ ሰዓት በሩ ላይ የቀረው ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው። በረካም አብዋእ ላይ የልጁን እጅ ስትይዝ ማንን እንደያዘች አታውቅም ነበር። ያየችው ቤቱ መድረስ ያለበት ሕፃን ነው፤ አደረሰችው።

አላህ ኡሙ አይመንን ይውደድላት፤ ለልጆቻችን ደግ ልብ፣ ለእኛም የሌላውን ልጅ እንደ ራሳችን የምናይበት ዓይን ይስጠን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።